ቤተሰብ አንድ ላይ የሚቀመጥበት መድረክ፦ የመዝናኛ ፓርኮች ትርኢት ዳሰሳ

ከዋሽንግተን ወይም ከአትላንታ ተነሥቶ ልጆቹን ይዞ ኦርላንዶ የሚወርድ ሐበሻ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ሦስት ትውልድ ነው። ልጃቸውን ለመጠየቅ ከአገር ቤት የመጡ እናት አሉ፤ ከመሬት የሚያስነሣ ነገር ሁሉ የሚያጓጓው ጎረምሳ አለ፤ ድክ ድክ የምትል ሕፃን አለች። ሮለር ኮስተሩ የሚቀበለው ጎረምሳውን ብቻ ነው። በዲዝኒ ፓርኮች ካሉት ፈጣን መጫወቻዎች ብዙዎቹ ቁመቱ 102 ሴንቲ ሜትር ያልደረሰ ልጅ አያሳፍሩም። አያት ደግሞ ቁመቱ ቢኖራቸውም ወገባቸው አይፈቅድላቸውም፤ ስለዚህ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የቤተሰቡን ቦርሳ ሲጠብቁ ይውላሉ። ለአንድ ሰው መግቢያ ከ100 ዶላር በላይ ተከፍሎ ቦርሳ ጥበቃ!

ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው እኚያን እናት፣ ጎረምሳውንና ሕፃኗን በአንድ ረድፍ የሚያስቀምጠውን የፓርኩን ክፍል ነው፤ ትርኢቱንና የቴአትር አዳራሹን። ስለ መዝናኛ ፓርክ ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ ፍጥነትና ስለ ከፍታ ነው። ትርኢት ፀሐይ ሲበረታ የሚጠለሉበት፣ ሰልፉ ሲረዝም ሰዓት የሚገድሉበት ነገር ተደርጎ ይታያል። እኔ ግን አንድ ፓርክ ለእንግዶቹ ያለውን ክብር ለመመዘን ከመድረኩ የተሻለ ቦታ አላውቅም። በዚህ ሰባ ዓመት በዘለቀ ታሪክ ውስጥ ደግሞ አንድ ክርክር ሳይቋረጥ ይሄዳል፦ መድረኩ ላይ የሚቆመው ሕይወት ያለው ሰው ይሁን ወይስ የማይደክም፣ የማይታመም፣ ደመወዝ የማይጠይቅ ማሽን? ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ክርክሩ የተጀመረው በዲዝኒላንድ ነው። ፓርኩ በካሊፎርኒያ፣ አናሃይም ከተማ ውስጥ ጁላይ 17 ቀን 1955 ተከፈተ። ከዚያ አራት ቀን ቀደም ብሎ ዋልት ዲዝኒና ባለቤቱ ሊሊያን ሠላሳኛ ዓመት የጋብቻ በዓላቸውን ያከበሩት እዚያው ግቢ ውስጥ፣ የድሮ የአሜሪካ ምዕራብ መጠጥ ቤት አስመስለው ባሠሩት ጎልደን ሆርስሹ በተባለ አዳራሽ ነበር። በዚያ አዳራሽ የሚታየው የዘፈን፣ የጭፈራና የቀልድ ትርኢት ከመክፈቻው ጀምሮ እስከ 1986 ድረስ ቆየ። የጊነስ መዝገብም ከመድረክ ሙዚቃዊ ትርኢቶች ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያለው ብሎ አስፍሮት ነበር።

ትርኢቱን ደግፎ ያቆየው የአዳራሹ ጌጥ አልነበረም። ዋሊ ቦግ የሚባል ኮሜዲያን ነበር። ከፊኛ እንስሳ ይሠራል፤ በቡጢ የተመታ መስሎ ማለቂያ የሌለው ጥርስ ከአፉ ይተፋል፤ ሕፃኑን በጥርሱ፣ አባቱን በነገር ያስቃል። ቤቲ ቴይለር ከአጠገቡ ሆና ትዘፍናለች፣ ታሽኮረምማለች። ሁለቱ ለአሥርት ዓመታት በቀን ብዙ ጊዜ ይህንኑ ሠሩ፤ በ2011 ጁን ወር ደግሞ በአንድ ቀን ልዩነት ተከታትለው አረፉ። በዚያ ዘመን በፓርኩ የአስማት ዕቃ መሸጫ ውስጥ ይሠራ የነበረ አንድ ጎረምሳ የቦግን ትርኢት ደጋግሞ እያየ ቀልድ እንዴት በሰዓቱ እንደሚለቀቅ ተማረ፤ ስሙ ስቲቭ ማርቲን ነው፤ በኋላ ከአሜሪካ ታላላቅ ኮሜዲያን አንዱ ሆኗል። የአንድ ፓርክ መድረክ እንደ ትምህርት ቤት ያገለገለበት ጊዜ ነበር ማለት ነው።

አባባ ተስፋዬን እያየን ላደግን ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ከብሔራዊ ቴአትር መድረክ ወደ ቴሌቪዥን መጥተው ለረጅም ዓመታት ልጆችን ያስተማሩትና ያዝናኑት እኚያ አባት የነበራቸው መሣሪያ ድምፃቸውና ፊታቸው ነበር፤ ቤቱ ሁሉ ግን ጸጥ ይል ነበር። ልጅን የሚይዘው ዓይን ዓይኑን እያየ የሚያወራው ሰው ነው።

ዋልት ዲዝኒ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነው፤ ሰው በየቀኑ አንድ ዓይነት አይሆንም፤ ፓርኩ ግን ለመጀመሪያውም ለሚሊዮነኛውም እንግዳ አንድ ዓይነት እንዲሆን ይፈልጋል። መልሱን በ1963 ይዞ መጣ። ኢንቻንትድ ቲኪ ሩም የተባለው ክብ አዳራሽ መጀመሪያ የታሰበው ለምግብ ቤት ነበር፤ ሲከፈት ግን ከ150 በላይ ወፎች፣ አበቦችና የተቀረጹ ምስሎች የሚዘፍኑበት ትርኢት ሆነ። ቴፕ ላይ የተቀዳው ድምፅ በአየር ግፊት የሚሠሩትን ምንቃሮችና ክንፎች ያንቀሳቅሳል፤ ኦዲዮ አኒማትሮኒክስ ብለው ሰየሙት። ለሕዝብ የቀረበ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ሙሉ ትርኢት ይህ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አዳራሹን ከሚመሩት ወፎች አንዱ የሆነው የሆሴ ድምፅ የዋሊ ቦግ ነው። የመጀመሪያው ማሽን ተዋናይ አፉን የተዋሰው እዚያው ግቢ ካለው ቴአትር ቤት ነበር።

ቲኪ ሩም ዛሬም ይሠራል፤ ለሕፃናት ደስ ይላል፤ ቀዝቃዛ አዳራሽ መሆኑም ትልቅ ምስጋና ያሻዋል። ከእሱ የተወለዱት ግን ዕጣቸው ልዩ ልዩ ነው። በ1964ቱ የኒው ዮርክ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ ተነሥቶ የሚናገር የአብርሃም ሊንከን ምስል ቀረበ። በዚያው ትርኢት ለጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ የተሠራው የካሩሰል ኦቭ ፕሮግረስ አዳራሽ ደግሞ በቦታው የቆመውን መድረክ ተመልካቹ በወንበሩ እየዞረ የሚያይበት ነው፤ አንድ አሜሪካዊ አባት በእጅ ከሚታጠብበት ዘመን ተነሥቶ እስከ ዘመናዊው ኩሽና ድረስ ይተርካል። ይህ አዳራሽ ከ1975 ጀምሮ በፍሎሪዳው ማጂክ ኪንግደም አለ። ከመቀመጫ ሳይነሡ ከዘመን ወደ ዘመን መዞር ለአረጋውያን የሚመች ነው፤ ማሽኖቹ ግን ባሉበት ሲቆሙ ዓለም ትቷቸው ሄዷል። ወደፊትን ሊያሳይ የተሠራው ትርኢት ራሱ ቅርስ ሆነ። እዚያው ፓርክ ያሉት ዘፋኝ ድቦች ከ1971 ጀምሮ ሲሠሩ ቆይተው በ2024 ዘፈናቸው ሁሉ ተለወጠላቸው፤ ማሽን ሲያረጅ ቀልዱን የሚያድስለት ሌላ ሰው ይፈልጋልና።

የክርክሩ ጫፍ የታየው በ2025 ነው። ዲዝኒላንድ ሰባኛ ዓመቱን ሲያከብር በመግቢያው ጎዳና ባለው ኦፔራ ሃውስ ያቀረበው አዲስ ትርኢት የራሱ የዋልት ዲዝኒ ተናጋሪ ምስል ነበር። ማሽን ተዋናይን የፈለሰፈው ሰው ራሱ ማሽን ሆኖ መድረክ ላይ ቆመ። ትርኢቱ ገና ሳይከፈት አንዲት የልጅ ልጁ አያቴ በዚህ መልክ ሊታወስ አይገባም ብላ በአደባባይ ተቃውማለች። እኔም በልጅ ልጂቱ በኩል ነኝ። ቴክኒኩ የሚደነቅ ነው፤ አያት ግን ዕቃ አይደለም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የሚታሰረው እዚያ ነው። የፓርክ አስተዳዳሪ ትርኢትን የሚወድበት ምክንያት ጥበብ ብቻ አይደለም። 1,500 መቀመጫ ያለው አዳራሽ በቀን አምስት ጊዜ ቢሞላ 7,500 ሰው ከጎዳናና ከሰልፍ ላይ ያነሣል፤ ያ ሁሉ ሰው መንገድ ላይ ቢሆን ኖሮ ወረፋው ሁሉ ይረዝም ነበር፣ ምሬቱም እንዲሁ። አዳራሽ ሕዝብ ይመጥጣል። በሌላ በኩል ሮለር ኮስተር አንዴ ከተሠራ በኋላ በጥቂት ሠራተኛ ይንቀሳቀሳል፤ ትርኢት ግን ዘፋኝ፣ ተወዛዋዥ፣ የልብስ ሠራተኛ፣ የድምፅና የመብራት ባለሙያ፣ ተዋናዩ ሲታመም የሚተካ ሌላ ተዋናይ ይፈልጋል፤ ወጪው በየቀኑ ነው። ስለዚህ በጀት ሲጠብብ መቀሱ መጀመሪያ የሚያርፈው መድረኩ ላይ ነው።

በ2020 ይህ ያለ መጋረጃ ታየ። ወረርሽኙ ፓርኮቹን ዘጋ፤ ሲከፈቱ መጫወቻዎቹ ቀደሙ፣ መድረኮቹ ዘገዩ። በፍሎሪዳ አክተርስ ኢኩዊቲ የተባለው የተዋንያን ማኅበር ለአባላቱ መደበኛ ምርመራ ይደረግላቸው ብሎ ከዲዝኒ ጋር ተሟገተ። የተወሰኑት ትርኢቶች ተቀንሰው ተመለሱ፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ ሳይመለሱ ቀሩ። በካሊፎርኒያ በዲዝኒው ሃይፔሪየን ቴአትር ከ2016 ጀምሮ ይታይ የነበረው የፍሮዝን ትርኢት በዚያው ቀርቷል።

ሃይፔሪየንን ካነሣሁ አይቀር ስለ ፍሮዝን ቀዳሚ ልናገር። ከ2003 እስከ 2016 መጀመሪያ ድረስ በዚያ መድረክ የነገሠው አላዲን ነው፤ ያዘጋጀችውም በኦፔራ ዓለም ስመ ጥር የሆነችው ፍራንቼስካ ዛምቤሎ ናት። ምንጣፉ በተመልካች ራስ ላይ ይበራል፤ ልጆች አንገታቸው እስኪቆለመም ያያሉ። ሰውን ደጋግሞ የመለሰው ግን ከመብራቱ የሚወጣው መንፈስ፣ ጂኒው ነው። ጂኒው በጽሑፉ ውስጥ የሰሞኑን ወሬ፣ የፖለቲከኛውን ስህተት፣ የዘፋኙን ቅሌት እየጨመረ ይቀልድ ነበር፤ ዛሬ ያያችሁት ቀልድ በሚቀጥለው ወር የለም። ማሽን ይህን አያደርግም። የዓመት ትኬት ያላቸው ቤተሰቦች ያንኑ ታሪክ ደጋግመው ያዩት አዲሱን ቀልድ ፍለጋ ነው።

የፊልምና የመድረክ ዝምድና በፓርክ ውስጥ መልኩን የያዘው ግን ከዚያ አሥራ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነበር። ኖቬምበር 22 ቀን 1991 ቢዩቲ ኤንድ ዘ ቢስት ፊልም በመላ አሜሪካ በወጣበት ዕለት በፍሎሪዳው የዲዝኒ ስቱዲዮ ፓርክም የመድረኩ ትርኢት ተከፈተ። የሠላሳ ደቂቃ ያህል አጭር ነገር ነው፤ ይሁንና ካርቱን በሥጋ ለባሽ ተዋናይ ሲሠራ ሰው እንደሚያለቅስለት አሳየ፤ በ1994 ዲዝኒ በዚሁ ታሪክ ወደ ብሮድዌይ ገባ። የኒው ዮርክ ሐያስያን በንቀት የሚያዩት የፓርክ ትርኢት ለኒው ዮርክ ራሱ መንገድ ጠራጊ ሆነ።

ከሁሉም የሚያስቆጨኝ የኒሞ ጉዳይ ነው። ፋይንዲንግ ኒሞ የተባለው ፊልም ዘፈን የለውም ነበር። አኒማል ኪንግደም በተባለው የፍሎሪዳ የዲዝኒ ፓርክ ለተከፈተው የመድረክ ሥራ ዘፈኖቹን የጻፉት ሮበርት ሎፔዝና ክሪስተን አንደርሰን ሎፔዝ የተባሉ ባልና ሚስት ናቸው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የፍሮዝንን ዘፈኖች የሰጡን እነሱ ናቸው። አሻንጉሊቶቹን የሠራው በብሮድዌዩ ላየን ኪንግ ከአዘጋጇ ከጁሊ ቴይሞር ጋር የሠራው ማይክል ካሪ ነው። ዓሣውን የያዘው ተዋናይ አይደበቅም፤ ከዓሣው ጋር አብሮ ይታያል፣ አብሮ ይዘፍናል። ደቂቃ ሳይሞላ ሕፃናቱ ሰውየውን ረስተው ዓሣውን ብቻ ያያሉ፤ ወላጅ ደግሞ ሁለቱንም ያያል። ሁለት ትውልድ በአንድ ጊዜ የሚዝናናበት ብልሃት ይሉታል ይህ ነው። አርባ ደቂቃ ያህል ይወስድ ነበር። በ2022 ከወረርሽኙ በኋላ ሲመለስ ታሪኩ ተቆራርጦ ሃያ አምስት ደቂቃ አካባቢ ሆነ። አሁንም ጥሩ ነው፤ ግን አባትየው ልጁን ያጣበት ሐዘን ቦታ ስላላገኘ ሲገናኙ ያለው ደስታም ቀለል ይላል።

እዚያው ፓርክ ውስጥ ያለው ፌስቲቫል ኦቭ ዘ ላየን ኪንግ ግን ለእኔ የዘርፉ ቁንጮ ነው። ፓርኩ በኤፕሪል 1998 ሲከፈት አብሮ ተከፈተ። በ2014 ወደ ሀራምቤ መንደር ተዛወረ፤ ሀራምቤ በኬንያዋ ላሙ መልክ የተሠራች የምሥራቅ አፍሪካ ከተማ ናት፤ ግድግዳው ተላልጧል፣ ማስታወቂያው በስዋሂሊ ነው። የእኛው ጎረቤት ፍሎሪዳ ውስጥ መሆኗ ነው። ትልልቆቹ ተንቀሳቃሽ እንስሳት አዲስ አልተሠሩም፤ በካሊፎርኒያ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከታየ የጎዳና ሰልፍ የተረፉ ናቸው። ቁጠባም እንዲህ ያምራል።

በአዳራሹ ተመልካቹ በአራት ወገን ተከፍሎ መሐሉን ይከባል፤ እያንዳንዱ ወገን አንድ እንስሳ ይሰጠዋል። አንበሳው ያገሳል፣ ዝሆኑ ይጮኻል፣ የቀጭኔው ወገን የማያውቀውን ድምፅ ፈልጎ ያወጣል፣ ከርከሮውም ያጉረመርማል። እንግሊዝኛ አያስፈልግም። ከደሴ የመጡ አያትና ከቶኪዮ የመጣ ሕፃን እኩል ያገሳሉ። ታሪኩን ለመከተል ፊልሙን ማየትም ግድ አይደለም፤ ዘፋኞቹ አራት ናቸው፣ አክሮባቶቹ የዝንጀሮ ልብስ ለብሰው ይገለባበጣሉ፣ መጨረሻ ላይ ሕፃናት እየተጠሩ ከተዋንያኑ ጋር መድረኩን ይዞራሉ። በ2021 ትርኢቱ ሲመለስ እነዚያ አክሮባቶች አልነበሩበትም፤ መድረኩ መሐል ላይ ክፍተት ይታይ ነበር። በ2022 ተመለሱ፤ ትርኢቱም ነፍስ ዘራ።

በሰውና በማሽን መካከል የቆመ አንድ ነገርም አለ። ኤፕኮት በተባለው የዲዝኒ ፓርክ ውስጥ ከ2004 ጀምሮ የሚታየው ተርትል ቶክ ስክሪን ላይ ያለ ኤሊ ከልጆች ጋር የሚነጋገርበት ነው። ከኋላ የተደበቀ ተዋናይ ልጁን ያያል፣ የለበሰውን ቀለም ጠቅሶ ይጠራዋል፣ ጥያቄውን ሰምቶ ይመልሳል፤ ኤሊውም በዚያው ቅጽበት አፉን ያንቀሳቅሳል። የአራት ዓመት ልጅ ሕፃንነቱን ሙሉ የሚያስታውሰው ይህን ሊሆን ይችላል። ማሽኑ አገልጋይ፣ ሰውየው ጌታ ሆኖ የሠራበት ምሳሌ ነው።

ስታንት ስለሚባሉት የአደገኛ ድርጊት ትርኢቶች ብዙ አልልም። በ1995 የወጣው ዋተርወርልድ የተባለው ፊልም እስከዚያን ጊዜ ከተሠሩት ሁሉ ውድ ነበር፤ ሐያሲውም ተመልካቹም ፊት ነሡት። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ ሆሊውድ በዚሁ ስም የከፈተው የውሃ ላይ ትርኢት ግን ዛሬም አለ፤ ጃፓን፣ ሲንጋፖርና ቤጂንግም ተሻግሯል። የሚነድ እሳት፣ የሚዘል ጀልባ፣ ግድግዳ ዘሎ የሚወድቅ አውሮፕላን አለበት። ጎረምሳ ይወደዋል። የፊት ወንበሮች ይረጥባሉ፤ ለነጭ ቀሚስ አይሆኑም። ለሕፃን ጆሮ ደግሞ ከባድ ነው፤ ፍንዳታው እውነተኛ ነው። ይህ ዘርፍ አደጋውም እውነተኛ መሆኑን መርሳት አይገባም፤ በፍሎሪዳው የኢንዲያና ጆንስ ትርኢት በ2009 አንድ አክሮባት በልምምድ ላይ ሳለ ሕይወቱ አልፏል። ማሽንም ቢሆን ይከዳል፤ በ2023 በዲዝኒላንዱ ፋንታዝሚክ የምሽት ትርኢት ላይ እሳት የሚተፋው ትልቁ ዘንዶ ራሱ ተቃጠለ፤ ትርኢቱም ያለ ዘንዶው እስኪመለስ አንድ ዓመት ያህል ፈጀ።

የእንስሳት ትርኢትስ? ሲወርልድ የተባለው የባሕር እንስሳት ፓርክ ለአሥርት ዓመታት የቆመው ሻሙ ተብሎ በሚጠራው የኦርካ ትርኢት ነው። በ2010 በኦርላንዶ አንዲት አሠልጣኝ በኦርካ ተገደለች፤ በ2013 ብላክፊሽ የተባለው ዘጋቢ ፊልም ወጣ፤ በ2016 ድርጅቱ ኦርካ ማርባቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። ልጅ ትልቅ እንስሳ በማየቱ የሚያገኘው ደስታ የታወቀ ነው፤ ይሁንና ውቅያኖስ የለመደን ፍጡር በገንዳ አስገብቶ በሙዚቃ ማስጨፈር የቤተሰብ መዝናኛ ነው የሚለውን እኔ አልቀበልም።

አሁን አትላንቲክን እንሻገር። በምዕራብ ፈረንሳይ፣ ቫንዴ በተባለው ግዛት፣ አንድም ሮለር ኮስተር የሌለው ፓርክ አለ። ፑይ ዱ ፉ ይባላል፤ በዓመት ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ይጎበኘዋል። መጫወቻ የለም፤ ያለው ትርኢት ብቻ ነው። መድረክ ትርፍ ነገር ነው ለሚሉ አስተዳዳሪዎች ከዚህ የበለጠ መልስ አይገኝም።

ጅማሬው በ1978 ነው። ፊሊፕ ደ ቪሊየ የተባለ ወጣት የፈረሰ ቤተ መንግሥት አይቶ በዙሪያው ያሉትን ገበሬዎችና የመንደር ሰዎች አሰባስቦ የአንድ ቤተሰብን የዘመናት ታሪክ በሌሊት ማሳየት ጀመረ። ሲኔሴኒ የተባለው ይህ ትርኢት ዛሬ ከሃያ ሄክታር በላይ በሆነ መድረክ ላይ በበጋ ቅዳሜና ዓርብ ምሽቶች ይካሄዳል፤ ተመልካቹ ከአሥር ሺህ ይበልጣል። በሺህ የሚቆጠሩት ተሳታፊዎች ዛሬም ያለ ክፍያ የሚሠሩ የአካባቢው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ምሽት መድረክ ላይ የሚወጡበት ነው። ትልቅ ክብረ በዓል ላይ መንደሩ ሁሉ ተነሥቶ ሥራ የሚከፋፈልበትን አገር ለሚያውቅ ሰው ይህ በቀላሉ ይገባዋል።

የቀኑ ፓርክ በ1989 ተጨመረ። በድንጋይ በተሠራ የሮማውያን ስታዲየም ውስጥ ሠረገላዎች ይሽቀዳደማሉ፤ ቫይኪንጎች ከውሃ ሥር መርከብ ያወጣሉ፤ ንስር፣ ጭልፊትና ጥንብ አንሣ ከተመልካቹ ራስ በስንዝር ርቀት ያልፋሉ። ወፎቹ ለማስፈራራት ሳይሆን ለመብረር ነው የሠለጠኑት፤ ሕፃኑም አያቱም አንገታቸውን ሰብረው በአንድነት ይተነፍሳሉ። ፓርኩ በ2021 ስፔን ውስጥ ቶሌዶ አጠገብ ሁለተኛውን ከፍቷል።

ነገር ግን ፑይ ዱ ፉ የሚሸጠው ታሪክ ነውና ታሪኩ ይጠየቃል። መሥራቹ የታወቀ የቀኝ ክንፍ ፖለቲከኛ ነው፤ ትርኢቶቹም በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ከቫንዴ ንጉሣውያን ጎን ይቆማሉ፤ ገበሬው ሁሉ ጨዋ፣ አብዮተኛው ሁሉ አረመኔ ይሆናል። በ2022 አራት ፈረንሳውያን የታሪክ ባለሙያዎች ይህን የሚተች መጽሐፍ አሳትመዋል። ትችታቸው ተገቢ ይመስለኛል። ልጅ በመድረክ ያየውን ታሪክ ከመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ ያምናል፤ ስለዚህ ወደ ቤት ሲመለሱ የሌላኛውን ወገን ታሪክ መንገር የወላጅ ሥራ ነው። እኔ ግን ይህን ሁሉ እያወቅሁም ሂዱ እላለሁ፤ ከጽሑፉ ጋር እየተከራከሩም ሥራውን ማድነቅ ይቻላል።

በዋሽንግተን ዙሪያ ላሉ ቤተሰቦች ኦርላንዶ ድረስ ሳይኬድ የሚገኝ ነገር አለ። በቨርጂኒያ ዊልያምስበርግ ያለው፣ በ1975 የተከፈተው ቡሽ ጋርደንስ የአውሮፓ መንደሮችን አስመስሎ የተሠራ ነው፤ በአየርላንዱ መንደር ሴልቲክ ፋየር የተባለ የጭፈራ ትርኢት ያቀርባል። እስክስታ በትከሻ የሚናገረውን እነዚያ በእግራቸው ይናገሩታል፤ ከወገብ በላይ ንቅንቅ አይሉም። እናቶቻችን ይህን ሲያዩ የሚሰጡት አስተያየት ብቻውን ትኬቱን ያወጣል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያለው ሁኔታ የተለየ ነው። ሙቀቱ ፓርኮቹን ጣሪያ ሥር አስገብቷቸዋል፤ አቡ ዳቢ በ2018 የተከፈተው የዋርነር ብራዘርስ ፓርክ ሙሉ በሙሉ ቤት ውስጥ ነው። ዱባይ ደግሞ በ2016 ቦሊውድ ፓርክስ የተባለ፣ የሕንድ ፊልምና ሙዚቃን ማዕከል ያደረገ፣ ትልቅ የቴአትር አዳራሽ የነበረው ፓርክ ተከፍቶ በ2023 ተዘግቷል። የሰፊውን ሠራተኛ ሕዝብ ቋንቋና ዘፈን ይዞ መምጣቱ ብልህነት ነበር፤ መዘጋቱ ያሳዝናል። ዲዝኒ በ2025 አቡ ዳቢ ውስጥ ፓርክ እንደሚከፍት አስታውቋል፤ በመድረኩ ላይ ሰው ያብዛ ማሽን ገና የሚታይ ነው።

ለሚሄድ ሰው ጥቂት ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ትርኢት እንደ መጫወቻ ቀኑን ሙሉ አይሠራም፤ ሰዓቱ የተወሰነ ነው፤ ስለዚህ በስልክ ያለውን የፓርኩን መተግበሪያ ጠዋት ከፍታችሁ መጀመሪያ የትርኢቱን ሰዓት ያዙ፣ መጫወቻውን በዙሪያው አድርጉት። ከሕፃን ጋር የምትገቡ ከሆነ ከመውጫው በር አጠገብ ተቀመጡ፤ ጨለማና ድንገተኛ ድምፅ የሚያስለቅሳቸው አሉ፣ መውጣትም አያሳፍርም። እንግሊዝኛ የማይሰሙ ትልልቅ ሰዎች ካሉ ቃል የበዛበትን ኮሜዲ ትታችሁ ሰርከስ፣ ጭፈራና አሻንጉሊት ያለበትን ምረጡ። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁና ምርጫው ለእኔ ቢተው አኒማል ኪንግደምን እመርጣለሁ፤ ጠዋት ላየን ኪንግ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትበረታ ኒሞ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች በማሽን ምስል የሚታዩበትን የማጂክ ኪንግደም አዳራሽ የዜግነት ፈተና ለሚያጠና ሰው እተወዋለሁ።

የመድረክ ጉዳይ እኛ ዘንድም አለ። አዲስ አበባ ውስጥ በ1991 የተጀመረው ሰርከስ ኢትዮጵያ በየክልሉ ልጆችን አሠልጥኖ ዓለምን አዞረ። ከጅማ የተነሡት ወንድማማቾች ቢቢና ቢቹ ተስፋማርያም ሰርከስ አቢሲኒያ የተባለውን ቡድን መሥርተው በ2017 በኤደንብራ ፌስቲቫል አሳይተዋል፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ የሯጯን የደራርቱ ቱሉን ሕይወት የሚያነሣ ሥራ ይዘው ወደዚያው ተመልሰዋል። የእንግሊዝ ቤተሰብ ትኬት ገዝቶ ቆሞ የሚያጨበጭብላቸው አክሮባቶች ያደጉት አዲስ አበባና ጅማ ነው። በመዲናዋ ከ2019 ወዲህ አንድነት፣ ወዳጅነትና እንጦጦ ፓርኮች ተከፍተዋል፤ ቅዳሜና እሑድ ሦስት ትውልድ ይዘው የሚገቡ ቤተሰቦች ሞልተዋቸዋል። ፓርኮቹን የምታስተዳድሩ ሰዎች ሆይ፣ ከሚቀጥለው ውድ መጫወቻ በፊት አንድ ጥላ ያለው መድረክ ሥሩ፤ የሰርከስ ልጆቹንና የሕፃናት ቴአትር ባለሙያዎችን በወር ደመወዝ ቅጠሩ፤ የትርኢቱን ሰዓትም በመግቢያው በር ላይ ለጥፉ።